አሥራ ሰባት ብርጭቆ አረፋ

«ሃምሳ ስምንት፣ ሃምሳ ዘጠኝ፣ ስልሳ!»

ፌንጣ የጃም ጠርሙሱን መነቅነቅ አቆመችና ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥታ አየችው። እስከ ሲሶው ብቻ የሞላችው ወተት አሁን አንገቱ ጋ ደርሷል። ክዳኑን ፈትታ ማንኪያ ሰካችበት፤ ማንኪያው ቀጥ ብሎ ቆመ። አረፋ ማለት እንዲህ ነው። እንደ ሳሙና ትልልቅ ዐይን አውጥቶ ቡልቅ ቡልቅ የሚለውን እሷ አረፋ አትለውም። የእሷ አረፋ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ ጠርሙሱ ሲዘቀዘቅ እንኳ ለመውረድ ያመነታል።

ከሳሎን የእህቷ ድምፅ መጣ። «ባሪስታ! ዛሬ ነው ወይስ ለነገ ነው?»

«እቴቴ፣ ትንሽ ታገሺ! ጥበብ ላይ ነኝ!»

«እኔስ እታገሣለሁ፣ ሆዴ ውስጥ ያለችው ናት እምቢ ያለችው። በእርግጫ ልትጨርሰኝ ነው።»

ቤት ውስጥ ፌንጣ የሚሏት አንድ ቦታ ቁጭ ብላ ስለማታውቅ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። እቴቴ የምትላት ታላቅ እህቷ በአሥር ዓመት ትበልጣታለች። የእቴቴ ባል የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ አንዴ ከወጣ ለሳምንታት የውሃ ሽታ ይሆናል። ስለዚህ እርግዝናዋ ሰባተኛ ወሩን ሲይዝ ሻንጣዋን ጠቅልላ እናቷ ቤት መጣች። ባለፈው ዓመት አንድ ፅንስ በአምስተኛ ወሩ ወርዶባታል። ስለዚያ ነገር ቤት ውስጥ አይወራም፤ ሆኖም ደረጃ ስትወርድ ሁሉም ሰው ሥራውን ትቶ እግሯን ያያል።

አዋላጅ ነርሷ በቀን አንድ ሲኒ ቡና ብቻ ነው የፈቀደችላት። ፌንጣ ያቺን አንድ ሲኒ ድግስ አደረገቻት። ቡናውን ቀጠን አድርጋ አፍልታ ታቀዘቅዘዋለች፤ በረጅም ብርጭቆ በረዶ ላይ ትገለብጠዋለች፤ ከላዩ ጣት የሚያህል ነጭ አረፋ ታስተኛበታለች። አረፋው ወደ ጥቁሩ ቡና በቀጭን በቀጭኑ ሲወርድ እቴቴ ከመጠጣቷ በፊት ዝም ብላ ታየዋለች። ከዚያ ትጎነጭና ነጭ ጢም አውጥታ ትስቃለች። ፌንጣ ራሷ ወተት ሽታው እንኳ አይስማማትም። ያንን ሳቅ ለማየት ግን ከትምህርት ቤት እየሮጠች ነው የምትመጣው።

የጓሮው በር ተንኳኳ። ሬዲዮ ነበረች።

ሬዲዮ የክፍሏ ልጅና የልብ ጓደኛዋ ናት። ስሙን ያወጡላት የክፍሉ ልጆች ናቸው፤ የሰፈሩን ወሬ ከሁሉም ቀድማ ታስተላልፋለች፣ ማስታወቂያ እንኳ አታስገባም። ዛሬ ግን በሩን ከፍታ ገብታ ዝም አለች። ሬዲዮ ዝም ስትል ደስ አይልም።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል» አለቻት ፌንጣ።

ሬዲዮ ወደ ሳሎን አጮለቀችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ላሟ ጨነገፈች።»

«የትኛዋ ላም?»

«የአክስቴ ናታ! ቡራቡሬዋ። ዛሬ ጠዋት። እሷ ብቻ መስላሻለች? ባለፈው ወር ጥቁሯም ጨንግፋለች። ያኔ ‹ትንፍሽ እንዳትይ› ብላኝ ነው። ዛሬ የከብት ሐኪሙ መጣ። እስከዚህ ድረስ የሚደርስ ጓንት አድርጎ።» ትከሻዋን ነካች። «‹ማንም እንዳይጠጋ› አለ። የሞተውን ጥጃ በላስቲክ ጠቅልሎ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፈረለትና ላዩ ላይ ኖራ ነሰነሰበት። ከላሞቹ ሁሉ ደም ቀዳ። ‹ውጤቱ እስኪመጣ ወተት እንዳትሸጪ› ብሏታል።»

«እና?»

«እናማ፣ ዛሬም ሸጣለች። አንቺስ ከማን ነው የገዛሽው? ‹የሚፈላ ወተት ምን ያደርጋል› ነው የምትለው። አልዋሸችም እኮ፣ ሐኪሙም ሲፈላ ይሞታል ብሏል። ማን ጥሬውን ይጠጣል? እናንተ ታፈሉ የለ?»

ፌንጣ እጇ ላይ ያለውን ጠርሙስ አየችው። ቅዝቃዜው ጣቶቿን አደንዝዟቸዋል።

«አዎ» አለች።

«ተመስገን! እኔማ እቴቴን አስቤ ነፍሴ ልትወጣ። በይ እንዳትናገሪ። ሰው ከሰማ አክስቴ አለቀላት። ‹እህቴ ትሙት› በይ።»

ይሄን መሐላ ሲለዋወጡ ዓመታት አልፏቸዋል። ስለ ኩረጃ ምለውበታል፣ ስለ ልጆች ወሬ ምለውበታል። አሁን ግን ፌንጣ ቃሉን ቀየረችው።

«እኔ ልሙት» አለች።

«እህቴ ትሙት ነው ያልኩሽ።»

«እኔ ልሙት አልኩሽ እኮ! አቦ አትነዝንዢኝ!»

ሬዲዮ ትንሽ አየቻትና ሄደች። ፌንጣ በሩን ዘግታ ጀርባዋን አስደገፈችበት። ከፊት ለፊቱ ክፍል የእናቷ የስፌት መኪና ይሰማል፤ ይሮጣል፣ ያቆማል፣ ይሮጣል።

እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት፤ ቀኑን ሙሉ ከመኪናዋ አትነሣም። ስለዚህ ወተት ማምጣትም ማፍላትም የፌንጣ ሥራ ነው። እናትየው ስለ ወተት ሁለት ሕግ አላት። አንደኛ፣ ወተት ሦስት ጊዜ ሳይነሣ ከምድጃ አይወርድም። ሁለተኛ፣ ያደረ ወተት ለእርጉዝ አይሰጥም። ፌንጣ ወተቱን ይዛ ቤት የምትገባው ሰባት ሰዓት ላይ ነው፤ እቴቴ ቡናዋን የምትፈልገው ዘጠኝ ሰዓት ላይ። የፈላ ወተት ደግሞ በሁለት ሰዓት ውስጥ በደንብ አይቀዘቅዝም፤ ያልቀዘቀዘ ወተት አረፋ አይሆንም። በመጀመሪያው ቀን ሞክራው ነበር። ስልባቦቱ ጠርሙሱ ላይ እየተለጠፈ፣ ነገሩ ለብ እንዳለ ናጠችው፤ ብርጭቆው ላይ ስትገለብጠው ወዲያው ሟሸሸ። እቴቴ እያየችው፣ «ምነው፣ የልብስ ማጠቢያ ውሃ አመጣሽልኝ?» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

በማግስቱ ፌንጣ ከማፍላቷ በፊት ከጥሬው ወተት ትንሽ ቀንሳ ጠርሙሱ ውስጥ አደረገችና ፍሪዘር ውስጥ ከተተችው። የቀረውን ምድጃ ላይ ጣደች። እናቷ ከስፌት መኪናዋ ላይ ሆና እንደ ሁልጊዜው «ፈላ?» ስትላት «ፈላ!» አለች። ውሸት እንኳ አልመሰላትም፤ ድስቱ ውስጥ ያለው እኮ ፈልቷል። ያን ቀን አረፋው ቀጥ ብሎ ቆመ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንዲሁ ነው። እስከ ትናንት ድረስ አሥራ ሰባት ብርጭቆ።

«ፌንጣ! በረዶው ሊሟሟ ነው!»

ጠርሙሱን የዕቃ ማጠቢያው ላይ ገለበጠችው። አረፋው አልወርድ አለ። ቀዳዳው ላይ ነጭ ሆኖ ተኮፍሶ ተቀመጠ፤ ውሃ ከፍታበት እንኳ ዞሮ ዞሮ ነው የሄደው። እንዲህ ያለ ጎበዝ አረፋ ሠርታ አታውቅም።

ጥቁሩን ቡና ብቻ ይዛ ሳሎን ገባች። «ወተቱ ተበላሸብኝ እቴቴ።»

«ውይ! ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለች እቴቴ፤ ከዚያ ብርጭቆውን ሳትነካው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። «ይሁን፣ በረዶም አላማረኝ። ብርድ ብርድ ይለኛል።»

ሙቀቱ ግድግዳ ያላብሳል። መስኮቱ ተከፍቷል፣ ቬንቲሌተሩ ይዞራል። እቴቴ ግን የእናቷን ወፍራም ሹራብ ለብሳለች። ፌንጣ እጇን ያዘችው፤ ያቃጥላል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለት ሦስት ቀን ይሆነዋል። ሌሊት ሌሊት አንሶላው እስኪረጥብ ያልበኛል፣ ቀን ደግሞ መገጣጠሚያዬን ይቆረጥመኛል። እማ ጉንፋን ነው ትላለች። ምነው እንዲህ አፈጠጥሽብኝ? እርጉዝ ጉንፋን አይይዛትም?»

ፌንጣ ልታወራ አፏን ከፈተች። «ሹራብሽን ቆልፊው» ብላ ዘጋችው።

በማግስቱ ከመጨረሻው ክፍለ ጊዜ በኋላ የባዮሎጂ መምህሩ ሰሌዳ ሲያጠፋ ጠብቃ ቀረች። መምህሩ ልጅ ሲጠይቀው ደስ የሚለው ሰው ነው፤ ከጀመረ ደወልም አያቆመውም።

«ቲቸር፣ ላሞች ተራ በተራ የሚጨነግፉት ከምን ነው?»

«ኦ! የውርጃ በሽታ ይሆናላ። ባክቴሪያ ነው። ከአንዷ ወደ አንዷ ይሄዳል። በጥሬ ወተት ሰውም ይይዛል።»

«ሰው ላይ ምን ያደርጋል?»

«ተንኮለኛ በሽታ ነው። ወጣ ገባ የሚል ትኩሳት፣ ላብ፣ ቁርጥማት። ሰው ጉንፋን ነው ብሎ ይተኛል። መድኃኒት አለው፣ ግን ሐኪሙ ምን እንደሚፈልግ ካላወቀ ይህንንም ያንንም ሲመረምር ጊዜ ያልፋል።»

«እርጉዝ ሴትንስ?»

መምህሩ ሰሌዳ ማጥፋቱን ተወ። «ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል። ቶሎ ከተደረሰበት ግን ይታከማል። ለምን ጠየቅሽኝ? ቤት የታመመ ሰው አለ?»

«የለም። ለፕሮጀክት ነው» አለችና ቦርሳዋን አነሣች።

መንገዱን ሁሉ ሳትሮጥ ሄደች። ሰባት ሰዓት ላይ የሬዲዮ አክስት በር ላይ ወተት ገዢዎች እንደ ወትሮው ተሰልፈዋል። ሴትየዋ ጆጉን እየሞላችላት፣ «እቴቴ እንዴት ናት? ወተት ጠጪ በያት፣ ለልጁ አጥንት ነው» አለቻት። ከበስተኋላዋ ጓሮ ውስጥ አዲስ የተቆፈረ አፈር ይታያል፤ ዳር ዳሩ ነጭ ነው። ፌንጣ ጆጉን በሁለት እጇ ተቀበለች።

ያን ቀን ከወተቱ አንድ ጠብታ አልቀነሰችም። ሦስቴ ተነሣ፣ አራቴ ተነሣ፣ አምስተኛው ላይ ገንፍሎ እሳቱን አጠፋው። ቤቱ ሁሉ ወተት ወተት ሸተተ።

የስፌት መኪናው ቆመ። «አንቺ ልጅ! ፈላ ወይስ አረረ?» አለች እናቷ።

«ፈላ» አለች ፌንጣ። ይሄኛው እውነት ነበር፤ ምንም ግን አልቀለላትም።

ማታ እራት ላይ እቴቴ ሁለት ጉርሻ ያህል ቀምሳ ተወችው። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ፌንጣ ከጎኗ ተቀመጠችና የራሷን እጅ ጨመረችበት፤ ሁልጊዜ በዚህ ሰዓት ትንሿ እግር አንዴ ከዚህ አንዴ ከዚያ ትገፋታለች።

«ዛሬ ዝም ብላለች» አለች እቴቴ። «ተኝታ መሰለኝ።»

እናታቸው ሳህን ልታነሣ ብላ እዚያው ቆመች። ፊቷ ተለዋወጠ። «ነገ በጠዋት ክሊኒክ እንሄዳለን። ቀጠሮ ነው፣ አይደለም፣ አላውቅም። ያኔም በዝምታ ነው የጀመረው።»

«እማ፣ ተዪ በቃ።»

«እንዴት ልተወው? ባለፈው ዓመት ያንን ከባድ ሻንጣ ነይ አንሺልኝ ያልኩሽ እኔ ነኝ። እኔ ባልጠራሽ…»

«ዶክተሩ ከሻንጣው አይደለም ብሎሻል እኮ!»

«ዶክተሩ ይበል» አለች እናትየው፤ ሳህኖቹን ይዛ ወጣች። ከኩሽና የውሃ ድምፅ እንጂ የዕቃ ድምፅ አልተሰማም።

ፌንጣ እስከዚያች ማታ ድረስ ስለ ሻንጣው አታውቅም ነበር። እናቷ አንድ ዓመት ሙሉ በየልብሱ ስፌት መሐል ያንን ሻንጣ ስታነሣና ስትጥል መኖሯን አሁን ገባት። ወተቱስ? ሻንጣውን ዶክተር ጥፋት የለበትም ብሎታል። ወተቱን ማን እንዲያ ይለዋል? ብትናገር እቴቴ ዕድሜ ልኳን ስታያት የምታስበው ያንን ብርጭቆ ነው። ባትናገር ደግሞ ምናልባት እውነትም ጉንፋን ይሆናል። ምናልባት ጠዋት ትድናለች። ፌንጣ እጇን ከእህቷ ሆድ ላይ ሳታነሣ ጠበቀች፤ ምንም አልተንቀሳቀሰም።

ክሊኒኩ ጠባብ ነው። ግድግዳው እስከ ወገቡ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ አግዳሚው ወንበር አንድ እግሩ አጥሮ ይንገዳገዳል። ፌንጣ ከትምህርት ቤት የቀረችው ዕቃ እይዛለሁ ብላ ነው። የያዘችው ዕቃ አንድ የውሃ ጠርሙስና የእቴቴ ሹራብ ብቻ ነበር።

አዋላጅ ነርሷ ትኩሳቷን ለክታ ቅንድቧን ሰበሰበች። ከዚያ ማዳመጫውን ሆዷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ነርሷ ማዳመጫውን አዛወረችው፤ ደግማ አዛወረችው።

«አለች» አለች በመጨረሻ። «ልቧ ግን ይሮጣል። የእናትየው ትኩሳት ነው የሚያስሮጣት። ትኩሳቱ ከየት እንደመጣ ማወቅ አለብን።»

እናታቸው አግዳሚው ላይ ዘፍ አለች። እቴቴ ተኝታ እንዳለች እጇን ዘርግታ የፌንጣን እጅ ያዘች። እጇ ከትናንት የበለጠ ይፋጃል። ነርሷ ቅጽ አወጣችና ጥያቄዋን በፍጥነት ጀመረች፤ ከውጭ ገና ብዙ ሰው ይጠብቃታል።

«ሳል አለሽ?»

«የለኝም።»

«ሽንት ሲወጣ ያቃጥልሻል?»

«አያቃጥለኝም።»

«ያልፈላ ወተት ጠጥተሻል?»

«እኛ ቤት?» አለች እናትየው፤ ደንግጣ ከተቀመጠችበት እንኳ ትንሽ ቀና አለች። «ሲስተር፣ እኔ ቤት ወተት ሦስት ጊዜ ሳይነሣ ከምድጃ አይወርድም። ይቺ ናት የምታፈላው። ከሷ በላይ የሚጠነቀቅላት የለም።» እጇን የፌንጣ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች።

«ጎበዝ» አለች ነርሷ ቀና ሳትል። እስክሪብቶዋ ከጥያቄው አጠገብ ወዳለችው ትንሽ ሳጥን ሄደ።

ፌንጣ ሳጥኗን አየቻት። ከጣት ጥፍር ታንሳለች። ምልክት ከተደረገባት በኋላ ወረቀቱ ይታጠፋል፣ ቀጣዩ በሽተኛ ይገባል፣ ቤት ይሄዳሉ፣ እቴቴ ሹራቧን ትለብሳለች። ሬዲዮም አክስቷም እፎይ ይላሉ።

«ሲስተር» አለች። «እሱን አይጻፉት።»

እስክሪብቶው ቆመ።

«አሥራ ሰባት ብርጭቆ ጠጥታለች። የቡናዋ አረፋ… ሳላፈላው ነው የምሠራው። የፈላው አልቆም ስለሚለኝ። ከማፍላቴ በፊት ቀንሼ ፍሪዘር አስቀምጠዋለሁ። እሷ አታውቅም። እማም አታውቅም። የወተቷ ሴትዮ ላሞች ጨንግፈዋል። ሁለቱ። የከብት ሐኪሙ አትሽጪ ብሏታል።»

ትከሻዋ ላይ ያለው የእናቷ እጅ አልተነሣም። ግን ያ ኩራቱ ጠፋ፤ የተረሳ እጅ ሆነ። የእቴቴ ትኩስ እጅ ከፌንጣ መዳፍ ቀስ ብሎ ወጣና ሄዶ ሆዷን ያዘ።

ነርሷ በሩን ከፍታ ለሚጠብቁት ሰዎች «ትንሽ ታገሡኝ» አለችና ዘግታው ተመለሰች። የደም መቅጃ ዕቃዋን አወጣች። አዲስ ወረቀት ሳበች፤ ወንበሯን ወደ ፌንጣ አዞረች። በፊቷ ላይ ቁጣም ማጽናኛም አልነበረም።

«የመጀመሪያው ብርጭቆ መቼ ነበር? አንድም ቀን ሳታስቀሪ ንገሪኝ።»

የፌንጣ መዳፍ ባዶ ነው። ወዴት እንደምታደርገው ግራ ገባትና ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ወደ እህቷ ማየት ፈራች፤ ቢሆንም አየቻት። እቴቴ ዐይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ትጠብቃለች።

«አርብ ነበር» አለች ፌንጣ፤ ቀኖቹንም በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች።